4,294,967,297፦ ፌርማ ብቸኛ ያለው፣ ኦይለር ለሁለት የከፈለው ቁጥር

ሐሳበ ቁጥር፦

በዚህ ክር ስለ አንድ ቁጥር ብቻ እንድንወያይ እጋብዛለሁ። ቁጥሩ 4,294,967,297 ነው፤ ሲነበብ አራት ቢሊዮን ሁለት መቶ ዘጠና አራት ሚሊዮን ዘጠኝ መቶ ስድሳ ሰባት ሺህ ሁለት መቶ ዘጠና ሰባት ይሆናል። አጭር አጻጻፉ 2³² + 1 ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቁጥሩ የመጣው ከአንድ ሰንሰለት ነው። ከ3 እንነሣ። 1 እንቀንስና የቀረውን ዳግም አርብተን (ማለትም በራሱ አባዝተን) 1 እንደምርበት፤ 5 እናገኛለን። በ5 ላይ ይህንኑ ስናደርግ 17፣ በ17 ላይ 257፣ በ257 ላይ 65,537 ይመጣል። እነዚህ አምስቱም ከ1ና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸው ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው። በቱሉዝ ከተማ የሕግ ባለሙያ የነበረው ፒየር ዴ ፌርማ በ1640 ለሒሳብ አዋቂው ፍሬኒክል በጻፈው ደብዳቤ ሰንሰለቱ የቱንም ያህል ቢቀጥል የሚወጣው ቁጥር ሁልጊዜ ብቸኛ እንደሚሆን ማመኑን ገለጸ፤ ማረጋገጫ ግን እንዳልነበረው አልሸሸገም። የሰንሰለቱ ቀጣይ ቁጥር የእኛው 4,294,967,297 ነው።

በ1729 የሒሳብ ሊቁ ክርስቲያን ጎልድባህ ይህን የፌርማ እምነት በደብዳቤ ለወጣቱ ሊዮናርድ ኦይለር አነሣለት። ኦይለርም በ1732 ለሴንት ፒተርስበርግ አካዳሚ ባቀረበው አጭር ጽሑፍ ቁጥሩ ለ641 ያለ ቀሪ እንደሚካፈል አሳየ፦ 641 × 6,700,417 = 4,294,967,297። እምነቱ ገና በመጀመሪያው ያልተፈተሸ ቁጥር ላይ ወደቀ።

ብዙ ጊዜ ይህ ታሪክ የሚነገረው የኦይለርን የማስላት ችሎታ ለማድነቅ ነው፤ አድናቆቱ ይገባዋል። እኔ ግን የማምነው ሌላ ነገር ነው። 641 በፍለጋ ብዛት ወይም በዕድል የተገኘ አይደለም፤ ቁጥሩ በራሱ አወቃቀር ወደ 641 ይመራል፣ ለዚህ የሚያስፈልገውም መሣሪያ በ1640 በፌርማ እጅ ነበረ። እንዲያውም ምንም ብልሃት ሳይጠቀም በትዕግሥት ብቻ የሚያካፍል ሰው እንኳ ሩቅ አይሄድም። ቁጥሩ ብቸኛ ነው ለማለት እስከ ዳግም ዘሩ (በራሱ ሲባዛ ቁጥሩን እስከሚሰጠው)፣ ማለትም እስከ 65,536 ገደማ፣ ባሉት 6,542 ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ማካፈል ያስፈልጋል፤ 641 ግን ከ2 ጀምረን ስንቆጥር 116ኛው ብቸኛ ቁጥር ነው። ከዚህ ያነሰ መንገድ መኖሩን በዚህ ክር ውስጥ በጋራ እንድናሳይ እፈልጋለሁ።

ተማሪዋ፦

ሰላም ለሁላችሁም። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ ብቸኛ ቁጥሮችን የተማርነው እስከ መቶ ያሉትን በመዘርዘር ስለሆነ የዚህን ያህል ትልቅ ቁጥር አካፋይ ማግኘት ከባድ ይመስለኛል። ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ባለ አሥር አኃዙን ቁጥር በረጅሙ ሳናካፍል 641 እንደሚያካፍለው ማረጋገጥ ይቻላል ወይ? ሁለተኛ፣ ሐሳበ ቁጥር «ቁጥሩ ራሱ ወደ 641 ይመራል» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

ጠመኔ፦

ልጄ፣ የመጀመሪያውን ጥያቄሽን እኔ ልመልስ፤ ሁለተኛውን ለክሩ ባለቤት እተወዋለሁ።

641ን በሁለት መንገድ እንጻፈው። አንደኛው 5 × 128 + 1 ሲሆን 128 ደግሞ 2⁷ ስለሆነ 641 = 5 × 2⁷ + 1 ይሆናል። ሁለተኛው 625 + 16 ነው፤ ይኸውም 641 = 5⁴ + 2⁴ ማለት ነው። ከእነዚህ ከሁለቱ በቀር ምንም አያስፈልገንም።

ከመጀመሪያው አጻጻፍ እንደምታዪው 5 × 2⁷ ከ641 በአንድ ያንሳል። ስለዚህ ለ641 ስናካፍል 5 × 2⁷ን እንደ −1 ልንቆጥረው እንችላለን። −1 አራት ጊዜ እርስ በርሱ ሲባዛ 1 ይሆናልና 5⁴ × 2²⁸ ለ641 ሲካፈል ቀሪው 1 ነው። አሁን ወደ ሁለተኛው አጻጻፍ እንለፍ። 5⁴ + 2⁴ ራሱ 641 ስለሆነ፣ በቀሪ ሒሳብ 5⁴ና −2⁴ አንድ ናቸው። በ5⁴ ቦታ −2⁴ን ስንተካ −2⁴ × 2²⁸፣ ማለትም −2³²፣ ቀሪው 1 ይሆናል። 2³² ቀሪው −1 ከሆነ 2³² + 1 ቀሪ የለውም። ማረጋገጫው ይኸው ነው፤ በመላው መንገድ ላይ ከ641 የሚበልጥ ቁጥር አላሰላንም።

በብዜት ማመሳከር ብትፈልጊም ብዙ አይፈጅም። 6,700,417ን በ600 ስታባዢ 4,020,250,200፣ በ41 ስታባዢ 274,717,097 ታገኛለሽ፤ ሁለቱ ሲደመሩ ቁጥራችንን ይሰጣሉ። በክፍል ውስጥ ለተማሪዎች የማስቀድመው ግን የመጀመሪያውን ነው፤ ምክንያቱም ብዜቱ እውነት መሆኑን ብቻ ሲነግረን፣ ያኛው ለምን እውነት እንደሆነ ያሳየናል።

የማታ አንባቢ፦

የመምህር ጠመኔ ማረጋገጫ እጅግ ያማረ ነው፤ ነገር ግን የክሩን ዋና ሐሳብ የሚደግፍ አይመስለኝም። 641 በሁለት መንገድ እንዲያ መጻፉ የሚታየን መልሱን ካወቅን በኋላ ነው። ፌርማ ወይም ኦይለር ባዶ ወረቀት ይዘው ሲቀመጡ 5⁴ + 2⁴ን እንዲያስቡ የሚያደርግ ምን ነገር ነበር? በ1732ቱ ጽሑፍ ኦይለር 641ን እንዴት እንዳገኘው አልገለጸም። ስለዚህ ያገኘው ከትንሹ ጀምሮ ተራ በተራ በማካፈል ነው ብል በምን ትቃወሙኛላችሁ? የተገኘን መልስ ማሳመርና መልሱን መፈለግ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

ሐሳበ ቁጥር፦

ተቃውሞው ተገቢ ነው። ስለዚህ መልሱን እንደማያውቅ ሰው ሆነን እንነሣ፤ ይህ ለተማሪዋ ሁለተኛ ጥያቄም መልስ ይሆናል።

አንድ ብቸኛ ቁጥር 2³² + 1ን ያለ ቀሪ ያካፍላል እንበል፤ ማንነቱን ገና አናውቅም። በዚህ ስውር አካፋይ ስናካፍል 2³² ቀሪው −1 ነው፤ ዳግም ሲረባ ደግሞ 2⁶⁴ ቀሪው 1 ይሆናል። እንግዲህ 2ን ደጋግመን እያባዛን ቀሪዎቹን ብንመዘግብ፣ ከ64 እርምጃ በኋላ ወደ 1 እንመለሳለን። ዑደቱ ከ64 ሊያንስ ይችላልን? አይችልም። ቢያንስ ኖሮ ርዝመቱ የ64 አካፋይ መሆን ይኖርበታል፤ ከ64 የሚያንሱት የ64 አካፋዮች ሁሉ ደግሞ 32ንም ያካፍላሉ፤ ያን ጊዜ በ32ኛው እርምጃ ላይ ያገኘነው −1 ሳይሆን 1 በሆነ ነበር። ስለዚህ የዑደቱ ርዝመት ልክ 64 ነው።

እዚህ ላይ የፌርማ ትንሹ ቲዎረም ይገባል። ቲዎረሙ እንደሚለው 2ን ከአንድ ኢ-ተጋማሽ ብቸኛ ቁጥር በአንድ ባነሰ አርቢ ብናረባውና ለዚያው ቁጥር ብናካፍለው ቀሪው 1 ነው። ዑደቱ 64 ስለሆነም፣ ከስውሩ አካፋይ 1 ሲቀነስ የሚቀረው የ64 ብዜት መሆን አለበት። ስለዚህ ማንኛውም አካፋይ የ64 ብዜት ሲደመር 1 ነው።

ዕጩዎቹን እንጻፋቸው፦ 65፣ 129፣ 193፣ 257፣ 321፣ 385፣ 449፣ 513፣ 577፣ 641። ከእነዚህ ብቸኛ የሆኑት 193፣ 257፣ 449፣ 577 እና 641 ብቻ ናቸው። ባለ አሥር አኃዙን ቁጥር ማካፈልም አያስፈልግም፤ ከ2⁸ = 256 ተነሥተን ሁለት ጊዜ ዳግም እያረባን በየመካከሉ ቀሪውን ብቻ መያዝ ይበቃል። በ193 እንሞክር፦ 256 ቀሪው 63፤ 63 ዳግም ሲረባ 3,969፣ ቀሪው 109፤ 109 ዳግም ሲረባ 11,881፣ ቀሪው 108። 1 ስንደምር 109 እናገኛለን፤ ስለዚህ 193 አያካፍልም። በ257 ደግሞ 256 ራሱ −1 ስለሆነ መጨረሻው 2 ነው። በ449 የምናገኘው 325፣ በ577 የምናገኘው 288 ነው። አሁን 641፦ 65,536 ቀሪው 154፤ 154 ዳግም ሲረባ 23,716፣ ቀሪው 640። 1 ሲደመር 641 ይሞላል፤ ቀሪ የለም። በአምስተኛው ሙከራ ደረስን።

ይህ መሣሪያ ለፌርማ እንግዳ አልነበረም። በዚያው በ1640 እርሱ ራሱ 2³⁷ − 1፣ ማለትም 137,438,953,471፣ ለ223 እንደሚካፈል ያገኘው አካፋዮቹ የ74 ብዜት ሲደመር 1 መሆን እንዳለባቸው ስላወቀ ነው። ያን ጊዜ ዕጩዎቹ 75፣ 149፣ 223 ነበሩ፤ ብቸኛ የሆኑት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሲሆኑ በሁለተኛው ላይ ተሳካለት። በ2³⁷ − 1 ላይ የሠራውን በ2³² + 1 ላይ ቢደግመው ኖሮ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ለኦይለር የሚቀር ሥራ ባልኖረ ነበር። ኦይለርም ቢሆን ከ1732ቱ ጽሑፍ ዓመታት በኋላ ይህንኑ የ64 ብዜት ሕግ ከነማረጋገጫው አሳትሟል።

ተማሪዋ፦

577ን በራሴ ሠርቼ አረጋገጥኩት። 65,536 ለ577 ሲካፈል 335 ይተርፋል፤ 335 ዳግም ሲረባ 112,225 ነው፣ ለ577 ሲካፈል 287 ይተርፋል፤ 1 ሲደመር 288። ካልኩሌተር አላስፈለገኝም። እጅግ አመሰግናለሁ።

ጠመኔ፦

ጎበዝ። እንግዲያውስ አንድ እርምጃ ልጨምርልሽ። ኤድዋርድ ሉካስ በ1878 እንዳሳየው ዕጩዎቹ የ64 ብቻ ሳይሆን የ128 ብዜት ሲደመር 1 መሆን አለባቸው። ምክንያቱን በቁጥራችን ላይ በቅርብ ማየት ይቻላል።

16,776,960ን ውሰጂ፤ ይህ 256 × 65,535 ነው። ይህን ዳግም እናርባ፦ 256 ዳግም ሲረባ የሚሰጠው 2¹⁶ ሲሆን፣ 65,535 ማለትም 2¹⁶ − 1 ዳግም ሲረባ 2³² − 2¹⁷ + 1 ይሰጣል። በእኛ ቁጥር ስናካፍል 2³² + 1 ስለሚጠፋ የሚቀረው −2¹⁷ ብቻ ነው። ስለዚህ ጠቅላላው 2¹⁶ × −2¹⁷ = −2³³ ይሆናል፤ 2³² ደግሞ −1 ስለሆነ −2³³ ማለት 2 ማለት ነው። በሌላ አነጋገር በቀሪ ሒሳብ 16,776,960 የ2 ዳግም ዘር ነው። የ2 ዑደት 64 ከሆነ የዳግም ዘሩ ዑደት 128 ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ያለው አካሄድ ሐሳበ ቁጥር የጻፉት ነው።

ዕጩዎቹ አሁን 129፣ 257፣ 385፣ 513፣ 641 ሆኑ። ብቸኛ የሆኑት ሁለት ብቻ ናቸው፤ 257 እና 641።

ኮድ ጸሐፊ፦

ከሙያዬ አንጻር ይህን ቁጥር በየቀኑ አጠገቡ ሆኜ እሠራለሁ ማለት ይቻላል። ባለ 32 ቢት (32 የ0 ወይም የ1 አኃዞች የሚይዝ) የኮምፒውተር ቦታ ያለ መቀነስ ምልክት ሊይዘው የሚችለው ትልቁ ሙሉ ቁጥር 4,294,967,295 ነው፤ የአራተኛው ስሪት (IPv4) የኢንተርኔት አድራሻዎች ብዛትም በጠቅላላው 4,294,967,296 ነው። ቁጥራችን ከእነዚህ ከሁለቱ ቀጥሎ ያለው ነው። ስለዚህም በ32 ቢት ቦታ ላይ ሲቀመጥ ላይኛው ክፍል ይቆረጥና 1 ብቻ ይቀራል። የፌርማን ቁጥሮች፣ ማለትም የሰንሰለቱን ቁጥሮች፣ የሚፈትሽ ፕሮግራም የሚጽፍ ተማሪ የቦታውን ስፋት ካላስተዋለ፣ ያለ ምንም የስህተት መልእክት 1ን ሲፈትሽ ይውላል። ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የቁጥር ስፋት ገደብ ስለማያበጅ ለዚህ ሥራ ይመረጣል።

ከዚህ ይልቅ ልነግራችሁ የፈለግሁት ግን ሁለት ዝቅ ብሎ ያለው ጎረቤቱ 4,294,967,295 ምን እንደሆነ ነው፦ 3 × 5 × 17 × 257 × 65,537። የሰንሰለቱ አምስት ቀዳሚ ቁጥሮች ሁሉ ተባዝተው ከቁጥራችን በ2 ያነሰውን ይሰጣሉ። ጎልድባህ ለኦይለር ያሳየውም ይህንኑ ዝምድና ነው። ከዚህ የሚከተለውን አስተውሉ። 257 ቁጥራችንንም 4,294,967,295ንም ቢያካፍል ኖሮ ልዩነታቸውን 2ንም ባካፈለ ነበር፤ ይህ ደግሞ አይሆንም። እንግዲያው 257 ሳይሞከር ከዕጩነት ይወጣል።

የማታ አንባቢ የጠየቁትን ጥያቄ በዚህ መልክ ልመልሰው እወዳለሁ። የሉካስንና የጎልድባህን ሐሳብ አንድ ላይ ካደረግን፣ ልንሞክረው የሚገባን የመጀመሪያው ቁጥር ራሱ 641 ነው።

ኮምፓስና ማስመሪያ፦

ስለ ጎረቤቱ ከተነሣ እኔም የምጨምረው አለኝ፤ ምክንያቱም የዚህ ቁጥር ዕጣ ፈንታ ከጂኦሜትሪ ጋር የተሳሰረ ነው። ካርል ፍሪድሪክ ጋውስ በ1796፣ ገና 19 ዓመት ሳይሞላው፣ ጎኖቹና ማዕዘኖቹ ሁሉ እኩል የሆኑ ባለ 17 ጎን ምስል በኮምፓስና በማስመሪያ ብቻ ሊነደፍ እንደሚችል አረጋገጠ። ኋላም ጉዳዩን አስፍቶ፣ የጎኖቹ ብዛት ኢ-ተጋማሽ ሲሆን ብዛቱ ከተለያዩ ብቸኛ የፌርማ ቁጥሮች ብዜት ከሆነ መንደፍ እንደሚቻል አሳየ፤ ከእነዚህ በቀር እንደማይቻል ያረጋገጠው ደግሞ ፒየር ቫንትዜል በ1837 ነው።

እስከ ዛሬ የሚታወቁት ብቸኛ የፌርማ ቁጥሮች እነዚያው አምስቱ ብቻ ናቸው። ከእነርሱ ልንሠራቸው የምንችላቸው ብዜቶች 31 ሲሆኑ ትልቁ ኮድ ጸሐፊ ያነሡት 4,294,967,295 ነው። የፌርማ እምነት በዚህ ቁጥር ላይ ባይወድቅ ኖሮ ባለ 4,294,967,297 ጎን ምስልም በኮምፓስና በማስመሪያ የሚነደፍ በሆነ ነበር። አሁን ግን 641 እና 6,700,417 የፌርማ ቁጥሮች ስላልሆኑ አይነደፍም፤ ጎኖቹ በሁለት የሚያንሱት ግን ይነደፋል። ማንም በወረቀት ላይ ሊሥለው አይችልም፤ ከክብ ለይቶ የሚያየውም ዓይን የለም። ቢሆንም በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ፍጹም ነው፤ እኔን የሚያስደንቀኝም ይህ ነው።

የማታ አንባቢ፦

ለኮድ ጸሐፊና ለሐሳበ ቁጥር ምላሽ አመሰግናለሁ። ቁጥሩ ወደ 641 ይመራል የሚለውን ሐሳብ ተቀብያለሁ። የሚቀረኝ ጥያቄ ፌርማ መሣሪያው በእጁ እያለ ለምን እስከ መጨረሻው በእምነቱ እንደጸና ነው፤ በ1654 እንኳ ማረጋገጫውን እንዲፈልግለት ለፓስካል ጽፎለታልና።

ልቡን ማወቅ ባንችልም ቁጥሩ ብቸኛ መስሎ የሚታይበት አንድ እውነተኛ ምክንያት አለ። ከላይ የተጠቀሰው ትንሹ ቲዎረም እንደ መፈተኛም ያገለግላል፤ አንድ ቁጥር ብቸኛ ከሆነ 2ን ከእርሱ በአንድ ባነሰ አርቢ አርብተን ስናካፍል 1 መቅረት አለበት። በቁጥራችን ላይ አርቢው 2³² ነው። 2⁶⁴ ቀሪው 1 መሆኑን አይተናል፤ 2³² ደግሞ የ64 ብዜት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ፈተናውን ያለ እንከን ያልፋል፣ ብቸኛ ሳይሆን። ሁሉም የፌርማ ቁጥሮች ይህን ፈተና ያልፋሉ።

በ2 ፈንታ 3ን ብንወስድ ግን ነገሩ ይገለጣል። ከ3 ተነሥተን 32 ጊዜ ዳግም እናረባለን፤ 9፣ 81፣ 6,561፣ 43,046,721 ካልን በኋላ ከእያንዳንዱ እርምጃ የምንይዘው ቀሪውን ብቻ ነው። ቁጥሩ ብቸኛ ቢሆን ኖሮ በመጨረሻ 1 ባገኘን ነበር። የሚገኘው ግን 3,029,026,160 ነው። ይህ ፈተና አካፋዩ ማን እንደሆነ አይነግረንም፤ አካፋይ መኖሩን ግን ያለ ጥርጥር ያስታውቃል። የሒሳብ ሊቁ ፔፓን በ1877 እንዲህ ያለውን ፈተና አጥርቶ ለፌርማ ቁጥሮች አደረሰው።

ጠመኔ፦

እስካሁን ያልተነሣ፣ ለእኔ ከሁሉ የሚልቅ ባሕርይ አለው። ቁጥራችን የሁለት ዳግም ርቢዎች ድምር ነው፦ 65,536 ዳግም ሲረባ፣ ሲደመር 1 ዳግም ሲረባ። ፌርማ በ1640 መጨረሻ ለሒሳብ አዋቂው መነኩሴ ሜርሴን እንደጻፈው፣ ለ4 ሲካፈል 1 የሚተርፈው ብቸኛ ቁጥር የሁለት ዳግም ርቢዎች ድምር ሆኖ የሚጻፈው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ መንገድ ከተገኘ ቁጥሩ ብቸኛ አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ አለ፦ 62,264 ዳግም ሲረባ 3,876,805,696 ነው፤ 20,449 ዳግም ሲረባ 418,161,601 ነው። ደምሯቸው። (20,449 ራሱ ደግሞ የ143 ዳግም ርቢ ነው።)

አካፋዩም ከእነዚህ ከሁለቱ መንገዶች ይወጣል። ከ65,536 ላይ 62,264 ሲቀነስ 3,272 ይቀራል፤ ከ20,449 ላይ 1 ሲቀነስ 20,448 ይቀራል፤ ትልቁ የጋራ አካፋያቸው 8 ነው። በመቀነስ ፈንታ ስንደምር ደግሞ 127,800 እና 20,450 እናገኛለን፤ ትልቁ የጋራ አካፋያቸው 50 ነው። የ8 ግማሽ 4፣ የ50 ግማሽ 25 ነው። 4 እና 25 ዳግም ረብተው ሲደመሩ 16 + 625 = 641!

ከዚህ ቀደም 5⁴ + 2⁴ ብዬ የጻፍኩት ይኸው ነው፤ የማታ አንባቢ «ከየት ይመጣል?» ላሉት አንዱ ምንጭ እዚህ አለ። የሌላኛው አካፋይ አጻጻፍ 2,556 እና 409 ዳግም ረብተው ሲደመሩ ነው። 25 × 409 = 10,225 ሲሆን 4 × 2,556 = 10,224 ነው፤ የሁለቱ ልዩነት በ2³² + 1 ውስጥ ያለው 1 ነው።

ተማሪዋ፦

ይህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ በጣም ደስ ይላል። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። 6,700,417 ራሱ ብቸኛ መሆኑን እንዴት አወቅን? ዳግም ዘሩ ወደ 2,588 ስለሚጠጋ ብዙ መካፈል የሚኖርበት ይመስለኛል።

ኮድ ጸሐፊ፦

የ6,700,417 አካፋይ የቁጥራችንም አካፋይ ስለሆነ ያው የ128 ሕግ ይገዛዋል። ከ2,588 በታች የ128 ብዜት ሲደመር 1 ሆነው ብቸኛ የሆኑት 257፣ 641፣ 769፣ 1,153 እና 1,409 ብቻ ናቸው። 257 አስቀድሞ ወጥቷል። 6,700,417 ለ641 ሲካፈል 44፣ ለ769 ሲካፈል 120፣ ለ1,153 ሲካፈል 334፣ ለ1,409 ሲካፈል 622 ይተርፋል። አራት ማካፈል ብቻ፤ ብቸኛ ነው። እንግዲህ ቁጥራችን አራት አካፋዮች ብቻ አሉት፦ 1፣ 641፣ 6,700,417 እና ራሱ።

ሐሳበ ቁጥር፦

ውይይቱ ከጠበቅሁት በላይ ስለዳበረ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የማታ አንባቢ ተቃውሞ ባይኖር ኖሮ እዚህ ባልደረስን ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ያ መንገድ በሰንሰለቱ ቀጣይ ቁጥር ላይም ይሠራልን? ቀጣዩ 2⁶⁴ + 1፣ ማለትም 18,446,744,073,709,551,617 ነው። የሉካስ ሕግ እዚህም አይሻርም፤ አካፋዮቹ የ256 ብዜት ሲደመር 1 መሆን አለባቸው። ሕጉ ቢኖርም አካፋዩን በጽሑፍ አትሞ ለዓለም ያሳወቀው በ1880 ፎርቹኔ ላንድሪ ነው፦ 274,177 × 67,280,421,310,721። ከዚያ በኋላ ያለው 2¹²⁸ + 1 እስከ 1970 ድረስ ጠብቆ በሞሪሰንና በብሪልሃርት በኮምፒውተር ተከፈለ። ከእኛው ቁጥር ጀምሮ ያሉት ተከታታይ 28 የፌርማ ቁጥሮች ሁሉ ብቸኛ አለመሆናቸው ዛሬ ታውቋል፤ ቀጥሎ ያለው፣ አርቢው 2³³ የሆነው፣ ግን እስከ አሁን አልተለየም። ከታወቁትም መካከል አካፋይ እንዳላቸው በፔፓን ፈተና ተረጋግጦ አንድም አካፋያቸው ያልተገኘላቸው አሉ።

ስለዚህ አወቃቀሩ ወደ አካፋዩ ይመራል ማለቴን በልክ ማስቀመጥ አለብኝ። ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው፤ ርቀቱ ግን ይለያያል። 641 = 128 × 5 + 1 ስለሆነ ፍለጋው በአምስተኛው ዕጩ ላይ አበቃ፤ 274,177 ግን 256 × 1,071 + 1 ነውና ላንድሪ የደረሰበት አካፋይ በዕጩዎቹ ተራ 1,071ኛው ላይ ነበር።